ሃያኛው ሰው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው፤ ስንወለድ የሚቀበለን እጅ፣ ስንሞት የሚሸከመን ትከሻ ላዘጋጀልን ጌታ። ከእርሱ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ እመሰክራለሁ፤ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እመሰክራለሁ። ሶላትና ሰላም በእሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ።

አማ በዕድ፦

ከረመዷን በፊት ነው። ከዚህ ጀመዓ አንድ ወንድም ከመግሪብ ሶላት በኋላ ክንዴን ይዞ ወደ ጫማ መደርደሪያው ገለል አደረገኝ። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የዋለ ሰው ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል። «ሼኽ፣ ቤት ድረስ መጥተው ልጄ ላይ ቁርኣን ይቅሩልኝ» አለኝ። ምን ነካው ብለው «ጌም» አለኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በሩን ዘግቶ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያወራል። እናቱ ለእራት ብትጠራው አይሰማም። እንግዳ ቢመጣ ሰላም ሊል አይወጣም። «አንድ ቀን ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ልገላገል ነው» አለ። ከመንቀልህ በፊት እስቲ ልየው አልኩት።

ሐሙስ ማታ ሄድኩ። ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ አድጎ አማርኛው ትንሽ ያነክሳል፤ አደቡ ግን ሙሉ ነው። ተነሥቶ እጄን ሳመኝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝና «ሼኽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን ማውራት አልችልም፤ ልንጀምር ነው» አለኝ። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በስክሪኑ ጥግ የስም ዝርዝር ይታያል። ዐሥራ ዘጠኙ በርተዋል፤ አንዱ ደብዝዟል። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ምን ትጠብቃላችሁ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኩት። «አንድ ሰው ጎድሎናል። ሃያ ካልሞላን አንጀምርም» አለ። አንተ ብትቀርስ? ዞር ብሎ፣ ጥያቄው የሞኝ እንደሆነ ሁሉ፣ አየኝ። «እኔ ከቀረሁማ ዐሥራ ዘጠኙ ቁጭ ይላሉ።»

ወላሂ፣ ያቺ መልስ ይኸው እስከ ዛሬ ሚንበር ድረስ ተከትላኛለች።

ልጆቻችሁ የሚሉትን እንድታውቁ ጥቂት ላስረዳ፤ ሼኹን ምን አገባው አትበሉኝ፣ ጠይቄ ነው። ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ተጫዋቾቹ የሚሰባሰቡበት ማኅበር ጊልድ ይባላል። እኛ ዕድር የምንለውን ዐስቡ፤ ስም አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ ደንብ አለው፣ የቀረ ሰው ይመዘገባል። ጊልዱ ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ጠላት ለመጣል ሲወጣ ሬይድ ይሉታል፤ ጠላቱን ደግሞ ቦስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ሬይድ አርባ ሰው ያስፈልገው ነበር። በ2007 ወደ ሃያ አምስት ወረደ። ከ2014 ወዲህ ከባድ በሆነው ደረጃ በትክክል ሃያ ሰው ነው፤ ሃያ አንደኛው መግባት አይችልም።

ሃያው ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ሁለቱ ታንክ ይባላሉ፤ ሥራቸው መመታት ነው። ቦሱ ፊቱን ወደ እነሱ እንዲያዞር ያደርጋሉ፣ ዱላውን ይቀበላሉ፣ ሌላው በሰላም እንዲሠራ። አራት ያህሉ ሂለር ናቸው፤ የቆሰለውን ያክማሉ፣ እነሱ ራሳቸው ግን ቦሱን አይጥሉም ማለት ይቻላል። የቀሩት ይመታሉ፤ ለነሱም ሰዓት ተቆርጦላቸዋል፣ ከዚያ ሰዓት ካለፉ ቦሱ ይቆጣና ሁሉንም ይጨርሳል። ስለዚህ አንዱ ቢሰንፍ ሌላው በርትቶ የሚሸፍነው ልክ አለው። ታንኩ ቦሱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ካዞረው እሳቱ ከኋላ የቆመውን ይበላል። አንድ ሰው እሳት ላይ ሁለት ሴኮንድ ከዘገየ፣ አንዳንዴ በእሱ ጦስ ሃያውም ይሞታሉ። ሁሉም ሲሞቱ ዋይፕ ይሉታል። ከዚያ ተነሥተው እንደገና ይገባሉ።

ያን ማታ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሲሞቱ ቆጥሬያለሁ። እኔ በሦስተኛው ሰልችቶኝ ነበር። በየጊዜው «ቦሱ ስንት ቀረው?» እያለ ልጁ ይጠይቃል፤ አርባ በመቶ፣ ሠላሳ አምስት በመቶ፣ ደግሞ አርባ ሁለት። ይሄ ምኑ ደስ ይላል አልኩት። «ሼኽ፣ ባለፈው ሳምንት ስልሳ ላይ ነበርን» አለኝ። በ2017 በዓለም ላይ ከሁሉ የበረቱት ጊልዶች ኪልጄደን የሚባል ቦስ ገጥመው ነበር፤ መጀመሪያ የጣለው ሜተድ የተባለው ጊልድ ከስድስት መቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ሞቶ ነው የጣለው። ስድስት መቶ ሃምሳ! እኛ ተራዊሕ ሃያ ረከዓ ነው ስምንት እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከራለን።

አውቃለሁ፣ አንዳንዳችሁ አሁን ፊታችሁ ጠቆረ። ሚንበር ላይ ስለ ጌም ይወራል? የዚህ ጨዋታ ሑክም ምንድን ነው? ዛሬ የመጣሁት ፈትዋ ልሰጥ አይደለም፤ ጥያቄ ያለው ከሶላት በኋላ ያገኘኛል። ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ነገር ነው፦ ሰው ባለበት ቦታ አምኖት የቆመን ሌላ ሰው ስላለመካድ። ይህችን ነገር ከጌም አልተማርናትም። ልጆቹ ግን አስታወሱን።

እስቲ ወደ ኡሑድ እንሂድ። እዚህ ላይ አደራ፣ ማወዳደሬ አይደለም፤ የሶሓቦች ደም ከማንም ጨዋታ ጋር አይወዳደርም፣ አላህ ከዚያ ይጠብቀኝ። ልጁ ያሳየኝን ስመለከት ግን ልቤ ወደዚያ ኮረብታ ሄደ።

በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ሃምሳ ቀስተኞችን በዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር መሪነት በትንሿ ኮረብታ ላይ አቆሙ። ትእዛዙ የማያሻማ ነበር፦ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ከቦታችሁ እንዳትነቃነቁ። የቀስተኞቹ ሥራ ምን ነበር? የጠላት ፈረሰኛ ከኋላ እንዳይዞር መጠበቅ። ደማቅ ሥራ አይደለም። ጦርነቱ ከፊት ነው፣ ጀግንነቱ ከፊት ነው፣ የሐምዛ ሰይፍ የሚያበራው ከፊት ነው። እነሱ ኮረብታ ላይ ቆመው ባዶ ሸለቆ ይጠብቃሉ። ቁረይሾች ሲሸሹና ምርኮው ሜዳ ላይ ሲፈስ ግን አብዛኞቹ ወረዱ። አለቃቸው ትእዛዙን አስታወሳቸው፤ «አልቋል እኮ» አሉ። ዐሥር ያህል ሰው ብቻ ቀረ። ያኔ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ያን ክፍት ቦታ አየ፣ ፈረሰኞቹን ይዞ ዞረ፣ ኢብኑ ጁበይርና አብረውት የቀሩት በቆሙበት ተሰዉ። ያን ቀን ከሙስሊሞች ሰባ ሰው ሸሂድ ሆነ። ሐምዛ ከነዚያ አንዱ ናቸው። የነቢያችን ፊት ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ።

የወረዱት ሙናፊቆች አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉ። ፈሪዎችም አልነበሩም። ያሳታቸው «አልቋል» የሚለው ሐሳብና ዐይናቸው ያየው ምርኮ ነው። ሰው ቦታውን የሚለቀው ሲሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ድል ሲሸትተው ይበልጥ ይለቃል። ያ ልጅ ስለ ጊልዶች ሲያወራኝ አንድ ነገር አለኝ፤ ጊልድ የሚፈርሰው ቦስ አቅቶት አይደለም፣ ቦሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ለምን አልኩት። ሉት፣ አለኝ። ሉት ማለት ቦሱ ሲወድቅ የሚገኘው ንብረት ነው፤ ሰይፍ፣ ጥሩር፣ ቀለበት። ሃያ ሰው ደክሞ ሦስት አራት ዕቃ ይወርዳል። ማን ይውሰድ?

በዚህ ጉዳይ ላይ የእነዚህ ልጆች ታላላቆች ብዙ ደክመዋል። ኤቨርክዌስት በሚባለው በ1999 በወጣ ጨዋታ ተጫዋቾች የዘንዶ ግድያ ነጥብ የሚባል ነገር ፈጠሩ፤ የመጣ፣ የቆየ፣ የታገሠ ነጥብ ይሰበስባል፣ በነጥቡ ይገዛል። ሌሎቹ ሹራ ያደርጋሉ፤ ዕቃው ለጊልዱ ይበልጥ የሚጠቅመው በማን እጅ ቢሆን ነው ብለው ይመክራሉ። ሌሎቹ ዕጣ ይጥላሉ። ሁሉም መንገድ ጥሩ ነው፣ ሁሉም መንገድ ያጣላል። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ያልቀረ ሰው ትናንት የገባ አዲስ ልጅ ሰይፉን ሲወስድበት ሲያይ፣ በዚያች ቅጽበት ጨዋታ አይደለም፤ ነፍስ ናት የምትናገረው።

ይህቺን ነፍስ የመዲና አንሷሮች ያውቋታል። ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ጂዕራና በሚባለው ቦታ ነቢያችን ምርኮውን ሲያከፋፍሉ፣ ትናንት ለሰለሙት ለመካ ታላላቆች በመቶ የሚቆጠር ግመል ሰጡ። አንሷሮች ግን፣ ቤታቸውን የከፈቱት፣ ጎናቸውን የሰጡት፣ ከዚያ ባዶ ሆኑ። ወጣቶቻቸው አጉረመረሙ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ የሰማውን ሳይሸፍን ለነቢያችን ነገራቸው። እሳቸው ምን አደረጉ? አልተቆጡም፤ «አታመሰግኑም ወይ» አላሉም። ለብቻቸው ሰበሰቧቸው፤ አንሷሮች ለኢስላም የዋሉትን አንድ በአንድ አነሡላቸው፤ ከዚያ ሰዎች በጎችና ግመሎች ይዘው ሲመለሱ እናንተ የአላህን መልእክተኛ ይዛችሁ ብትመለሱ አይበቃችሁም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ያ ሁሉ ግመል ዛሬ የት አለ? ነቢያችን ግን የተቀበሩት መዲና ነው፣ አንሷሮች አገር።

ወደ ኡሑድ ልመለስ፤ ሳልጨርስ ነው የተውኩት። ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ ቀስተኞቹ ምን ተደረጉ? እኔ ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ስማቸውን ጠርቼ አዋርዳቸው ነበር። በሱራ አሊ ዒምራን ግን አላህ ነቢዩን ያዘዛቸው ሌላ ነው፦ ይቅር በላቸው፣ ምሕረት ለምንላቸው፣ ነገርህንም አማክራቸው። አማክራቸው! ያጠፉትን! በማግስቱ ደግሞ ነቢያችን ጠላትን ለመከታተል ወደ ሐምራኡል አሰድ ሲወጡ፣ ትናንት ኡሑድ ያልነበረ አይከተለኝ አሉ። ቁስላቸው ሳይደርቅ፣ ያው የተሸነፈው ሠራዊት ነው የወጣው። ትኩስ ሰው አላመጡም።

የልጁ ሬይድ ሊደር ሙስሊም አይደለም፤ ድምፁን ሰማሁት፣ ከስድስተኛው ሞት በኋላ። አንድ ልጅ ወዲያው «የእኔ ጥፋት ነው፣ ዘግይቻለሁ» አለ። ማንም ሳይጠይቀው። መሪው ቆም አለና «እሺ፣ ምን አይተህ ነው የዘገየኸው?» አለው። ተነጋገሩ፤ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እንደገና ገቡ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስለ መኪና ማቆሚያው የተወያየንበትን የባለፈውን ስብሰባችንን አሰብኩ። ያኔ ማን «የእኔ ጥፋት ነው» አለ? ተናገሩ እስቲ። እኔም አላልኩም።

ልጁ ነግሮኛል፣ ሁሉም ጊልድ እንዲህ አይደለም፤ የሚሳደብ መሪ ያለበት ይበዛል፣ ሰው አልቅሶ የሚወጣበት አለ። ይህን የምጨምረው እንዳናስውብ ነው። በ2005 የተሠራች አንዲት አጭር ቪዲዮ ደግሞ በዓለም ዞራለች፤ ሊሮይ ጄንኪንስ የሚባል ተጫዋች ጓደኞቹ ተጠንቅቀው ዕቅድ ሲያወጡ እሱ ስሙን እየጮኸ ዘሎ ይገባና ሁሉንም ያስጨርሳል፤ ሲወቅሱትም ቢያንስ ዶሮዬ አለኝ ይላል። በኋላ ታውቋል፣ አስበው የሠሯት ቀልድ ናት። ያሳቀችን ግን ሊሮይን ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። በየስብሰባው አለ።

ደግሞ ሌላ ነገር፦ ዝግጅት። ወሎ ያደጋችሁ ታውቃላችሁ፣ ደቦ የተጠራ ሰው ማጭዱን ስሎ ነው የሚመጣው። ባዶ እጁን መጥቶ የሰው ማጭድ የሚዋስ ሰው ለቡናው እንደመጣ ይታወቅበታል። እነዚህ ልጆች ሬይዱ ከመጀመሩ በፊት ቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሌሎች ቦሱን እንዴት እንደጣሉት ያያሉ፣ መድኃኒትና ምግብ ያዘጋጃሉ፣ ዕቃቸውን ይጠግናሉ። ከሬይዱ በኋላ ደግሞ ሎግ የሚባል መዝገብ አለ፤ ማን መቼ ምን እንዳደረገ፣ ሴኮንድ ሳትቀር ተጽፋ ትገኛለች። ልጁ የራሱን እያሳየኝ «ሼኽ፣ እዚህ ጋ ተኝቻለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ በቀኜና በግራዬ ያሉትን ጸሐፊ መላእክት ነበር ያሰብኩት። በአንድ ነገር ግን ይለያሉ። የልጆቹ መዝገብ የመታኸውን ይቆጥራል፣ ኒያህን አያውቅም።

ኒያን ካነሣን፣ ስለ ቤንች ልንገራችሁና ይህቺን ኹጥባ ልዝጋ። ሃያ ቦታ ብቻ ስላለ፣ ጠንካራ ጊልድ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ሰው ይይዛል። የተረፉት ውጭ ይቀመጣሉ፤ ተዘጋጅተው፣ ድምፁን እየሰሙ፣ አንዱ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሊገቡ። አንዳንድ ማታ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ሳይጠሩ ይተኛሉ። ቦሱ ሲወድቅ ስማቸው የለም። ልጁ በፊት ሦስት ወር ቤንች ላይ እንደነበረ ነገረኝ፤ አንድ ቀን አልቀረም። ከተቡክ ዘመቻ ሲመለሱ ነቢያችን የተናገሩትን አስታወሰኝ፦ በመዲና የቀሩ ሰዎች አሉ፣ ያለፋችሁበት ሸለቆ ሁሉ ከእናንተ ጋር ነበሩ፤ ችግር ነው ያስቀራቸው። የቀሩት አጅር አልጎደለባቸውም። ከእናንተ መካከል ታማ ቤት የምትውል፣ ፈረቃ ሥራ ይዟት ጁሙዓ የማይደርስላት፣ ልቧ ግን እዚህ ያለ አለች። ወሬ አድርሱላት።

ይህን ብያለሁ፤ ለራሴም ለእናንተም ታላቁን አላህ ምሕረት እለምናለሁ። እናንተም ለምኑት።

*

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይውረድ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። አንድነት ኃይል ነው ስንል ግን አንዲት ክር ስትጎድል ማን እንደሚያያት አንጠይቅም። ያ ስም ደብዝዞ ሳለ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ያውቀዋል። ደወሉለት፤ ደህና ነህ ወይ አሉት። በመጨረሻ መጣ፤ ነርስ ነው፣ ሥራ ላይ ቆይቶ ነበር። አምስት ደቂቃ ነበር የጎደለው።

አሁን ልጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት በዚህ መስጂድ በግራ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የሚሰግዱ አንድ አባት ነበሩ። ሲጠፉ ያወቅነው በስንተኛው ሳምንት ነው? እኔ በአራተኛው። አራት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

በነቢያችን ዘመን መስጂድ የምታጸዳ ሴት ነበረች። አንድ ሰሞን እሳቸው አጧት። የት አለች ብለው ጠየቁ። ሞታለች አሏቸው፤ ሌሊት ስለነበር፣ ነገሯም ትንሽ ስለመሰላቸው ሳይነግሯቸው ቀብረዋት ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሱ። መቃብሯን አሳዩኝ አሉና ሄደው ሰገዱባት። የመንግሥት መሪ ናቸው፣ የጦር መሪ ናቸው፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ናቸው፤ የጠራጊዋ ቦታ መጉደሉን ያዩት ግን እሳቸው ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ታሪክ ይያያዛል። ኖርዌይ ውስጥ ማትስ ስቲን የሚባል ወጣት ነበር። ከልጅነቱ ጡንቻን የሚያመነምን ዱሼን የሚባል በሽታ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር፤ እጁ የሚታዘዝለት ጣቶቹ ላይ ብቻ እስኪሆን ድረስ። ቀንና ሌሊት ይህንኑ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ በጨዋታው ስሙ ኢብሊን፣ ጊልዱ ስታርላይት። ወላጆቹ ያዝኑ ነበር፤ ልጃችን ጓደኛ ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይጠቅም አለፈ ብለው። በ2014 በኖቬምበር፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ። አባቱ ልጁ ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ ዜናውን አሰፈሩ። ከዚያ ደብዳቤ ጎረፈ። ከብዙ አገር። ከልጄ ጋር እንድታረቅ የረዳኝ እሱ ነው የምትል እናት፣ ሲከፋኝ የሚሰማኝ እሱ ነበር የሚል። የጊልዱ ሰዎች ኦስሎ ድረስ መጥተው ቀብሩ ላይ ተገኙ፤ አብዛኛዎቹ ፊቱን አይተው አያውቁም ነበር። በ2024 ስለ እሱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወጥቷል፤ ብዙ ሰው በዚያ ነው ያወቀው።

አባትየው በሩ ሥር ቆሞ ነበር ማለት ነው፣ ለዓመታት፤ ውስጥ ግን መንደር ነበረ። እኔ ይህን ታሪክ የማነሣው ጌም አምጡልን ልል አይደለም። አባቶች ሆይ፣ ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ማታ ተቀመጡ። ከማን ጋር ነው የምታወራው? ማን ይመራችኋል? ሰው ሲሳሳት ምን ትሉታላችሁ? መልሱ የሚያስነቅል ከሆነ ያኔ ንቀሉ። የሚሳደቡበት፣ የሚያቃምሩበት፣ ሌሊቱን የሚበላ ከሆነ ንቀሉ፤ እኔም ገመዱን እይዝላችኋለሁ።

ወጣቶች፣ አሁን ተራችሁ ነው። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለማታውቁት ለአንድ የካናዳ ሰው ብላችሁ ትገኛላችሁ። እሰየው። ሱብሒ ላይ ግን የት ናችሁ? ያ ልጅ፣ ፈቃድ ሰጥቶኝ ነው የምናገረው፣ በበጋ ዒሻ የሚገባው ሬይዱ መሐል ነው። ቀድሞ ያዘገየው ነበር፤ ሁሉን ጨርሶ እኩለ ሌሊት ላይ እያንቀላፋ ይሰግድ ነበር። ለመሪህ ነግረኸው ታውቃለህ አልኩት። አፈረ። «ሼኽ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ለእኔ ሶላት ይቁም እንዴት እላለሁ?» አለኝ። ለዐሥራ ዘጠኝ ሰው ያንን ያህል የሚያስብ ልጅ፣ ጌታውን ማስጠበቅ ግን ቀሎት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ነገራቸው። መሪው ምን አለ መሰላችሁ? የዐሥር ደቂቃ ዕረፍታችንን ወደዚያ ሰዓት እናዙረው፣ አለ። በቃ፤ ሌላ ንግግር አልነበረም። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ አንዱ ቴክሳስ፣ አንዱ ካናዳ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ቡናውን እየጠጣ አንድ ሙስሊም ሰግዶ እስኪመለስ ይጠብቃል።

ታክሲ ነጂው አባቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «በሩን ግን አሁንም ይዘጋል» አለኝ። ሱብሒም አሁንም ይተኛል፤ አልዋሽላችሁም። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ቀን መጣ። ስልሳ ላይ ነበርን፣ አሁን አርባ ሁለት ላይ ነን።

አላህ ሆይ፣ የታመሙብንን አሽራቸው፤ የጠፉብንን መልሳቸው፣ እኛንም መጥፋታቸውን የምናይ ዐይን ስጠን። አላህ ሆይ፣ አንዲት ጥፋት ሰባት ጊዜ የምንቆጥርባቸውን ምላሶቻችንን ያዝልን። ልጆቻችንን ከሚያጠፋቸው ጠብቃቸው፣ የሚጠብቃቸውንም ሰው አብዛላቸው። ቤንች ላይ ያሉትን፣ ስማቸው የማይጠራውን፣ ታማሚ የምታስታምመውን፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ ቆሞ የሚያድረውን አጅሩን ሙላለት። አላህ ሆይ፣ ለአገራችን ሰላም አውርድ፣ በየስደቱ ላለው ወገናችን ደርሰህ አጽናው። ወላጆቻችንን ማርልን፤ ከሞቱት መካከል መቃብራቸውን ማንም የማይጠይቅላቸውን አንተ ማራቸው። አሚን።

ሶላት ይቁም። ሰፋችሁን አስተካክሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ፤ ልጆቹን ወደ ኋላ አትግፏቸው። በሁለተኛው ሰፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ይታየኛል።